ካርታ ላይ ያልሰፈሩ ሰፈሮች፦ ስለ አዲስ አበባ መልሶ ማልማት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ ስለ አዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ያስነበቡትን ረዘም ያለ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ ፕላን የበቀለች ከተማ ስለሆነች ዛሬ ለምናየው ችግር ሁሉ ምክንያቱ ሰው እንደ ፈቀደ መስፈሩ ነው፤ ነባሮቹ ሰፈሮች ያረጁት ነዋሪዎቻቸው ስላልተንከባከቧቸው ነው፤ ጉሊትና የመንገድ ዳር ንግድ መንገድ ከመዝጋት በቀር ለከተማዋ የሚሰጡት ጥቅም የለም፤ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማዋ ዳርቻ ቢዛወር የሚያገኘው እንጂ የሚያጣው ነገር አይኖርም፤ በመጨረሻም ነዋሪው ካርታ ማንበብ ስለማይችል በፕላን ዝግጅት ማሳተፉ ሥራ ከማጓተት ያለፈ ውጤት የለውም። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በቅንነትና በግልጽ ቋንቋ በማቅረባቸው አከብራቸዋለሁ። እኔም በዚያው ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ስለቆየሁ ከጠቀሷቸው ችግሮች ብዙዎቹን በዓይኔ አይቻለሁ። ከችግሮቹ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ መደምደሚያው በሥራ ላይ ሲውል የሚነካው የሰው ኑሮ ስለሆነም በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ያለ ፕላን የበቀለች ናት የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ ማንም የማይጠይቀው እውነት መስሏል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በወረቀት ላይ የተሠመረ ፕላን አልነበራትም፤ ሥርዓት ግን ነበራት። ግቢው በአንዱ ከፍታ፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የአራዳ ገበያ በሌላው ከፍታ ሆነው፣ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰባቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የዚያ አሰፋፈር ምስክር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ አባ ኮራን ሰፈር፣ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር፣ እያንዳንዱ የራሱ እምብርት፣ የራሱ መግቢያና መውጫ፣ ከጎረቤቱ የሚለየው ወንዝ ወይም ገደል ነበረው። ጌታውም ሎሌውም በአንድ ሰፈር ስለኖሩ፣ ባለጠጋና ድኻ በአንድ አጥር ብቻ ተለያይተው የሚኖሩበት ጠባይ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ መለያ ሆነ። ብዙ የዓለም ከተሞች ዛሬ በሕግና በድጎማ ሊያመጡት የሚደክሙለትን ይህን ቅይጥ አኗኗር እኛ በውርስ አግኝተነዋል።

በወረቀት የተሠመረ ሰፊ ፕላን ወደ ከተማዋ የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ታዋቂው የአውሮፓ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጣት ለሙሶሊኒ ንድፍ አቀረበላት፤ በቦታው የነበረው ከተማ በንድፉ ላይ ጨርሶ የለም፤ ባዶ መሬት ላይ የተጣሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ አሉ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ደግሞ ዋና ዓላማው ጣሊያኖችን ከአገሬው ሰው ለይቶ ማስፈር ነበር። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን በ1965፣ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ በ1978፣ የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ በ1986 ያዘጋጇቸው ፕላኖች መጡ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከትለዋል። ጸሐፊው ከተማዋ ፕላን አጥታ ተቸገረች ሲሉ ይህን ሁሉ ዘለውታል። አዲስ አበባ ፕላን አጥታ አታውቅም። ያጣችው፣ ሰው አስቀድሞ እንዴት እንደሚኖር ቆጥሮና መዝግቦ የሚነሣ ፕላን ነው።

መርካቶን እንመልከት። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ የወሰደው፣ መንገዶቹንም በካሬ በካሬ የከፈለው የወራሪው ፕላን ነው፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ዛሬ መርካቶን መርካቶ ያደረገው ግን ካሬው አይደለም። ሸማ ተራን፣ በርበሬ ተራን፣ ሳጥን ተራን፣ ቦምብ ተራን፣ ምናለሽ ተራን ማንም አርክቴክት አልሣላቸውም። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገዢው ዋጋ ማወዳደር እንደሚችል፣ ተሸካሚው የት ማውረድ እንዳለበት እንደሚያውቅ፣ ነጋዴው የጎደለበትን ከጎረቤቱ ተውሶ ደንበኛውን እንደማይመልስ በልምድ አውቀው ነጋዴዎቹ ራሳቸው አደራጇቸው። ምናለሽ ተራ ገብቶ የተጣለ በርሜል ወደ ምድጃ፣ የዘይት ቆርቆሮ ወደ መስፈሪያና ማሰሮ ክዳን ሲለወጥ ያየ ሰው፣ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚቆርጠው፣ የሚቀጠቅጠው፣ የሚበይደውና የሚሸጠው በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ልብ ሳይል አይቀርም። የኢንዱስትሪ መንደር ስንነድፍ በብዙ ስብሰባ የምንደክምለት የሥራ ፍሰት እዚያ ያለ ወረቀት ቆሟል።

ሌላም አለ። በከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት የማገዶና የእንጨት እጥረት ከመጽናቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ያንን ሐሳብ ካስቀሩት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን ያስመጣውና ያበረታታው መንግሥት ነበር፤ በየግቢው የተከለው ግን ነዋሪው ነው። ጸሐፊው መንግሥትና ሰፈርተኛን አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚያፈርስ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ከተማዋ በቦታዋ የቀረችው በሁለቱ የጋራ ሥራ መሆኑ ቢታወሳቸው ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው፤ ሰፋ አድርጌ መመለስ የምፈልገውም እርሱን ነው። ነባሮቹ ሰፈሮች ያረጁት ነዋሪው ስላልተንከባከባቸው ነው ማለት፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ጣሪያ ሲያፈስበት የኖረን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች፣ ማለትም አብዛኞቹ የጭቃና የእንጨት ቤቶች፣ በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ለብዙ ድኻ ቤተሰብ መሐል ከተማ ላይ መኖር የተቻለው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ውለታውን አልክድም። ይሁን እንጂ ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ጣሪያ መቀየር አይችልም፤ ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይችልም። በኋላ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሊዝ ሲመጣ፣ ያው ቦታ በማናቸውም ቀን ለመልሶ ማልማት ሊፈለግ ይችላል የሚል ሥጋት ተጨመረበት። ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው የለም።

ሰው ግን በዚህ ሁሉ መካከል ቤቱን ሲያድስ ኖሯል። ባደግሁበት ሰፈር አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ፤ በቀበሌ ቤት ኖረው ሦስት ልጆች ያሳደጉ እናት። ቤታቸው ከውጭ ሲታይ ጭቃው የተላላጠ፣ ጭራሮው የወጣ፣ ቆርቆሮው የዛገ ነው። መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ ግን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ኮርኒሱ በንጹሕ አቡጀዲ ተወጥሯል፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ለምን ውጪውን እንዳልለሰኑት በልጅነቴ ስጠይቃቸው፣ ውጪው ከተነካ «አዲስ ግንባታ» ተብሎ ጣጣ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ሲሚንቶውንም በአንድ ጊዜ አላመጡትም፤ እቁብ በደረሳቸው ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ከረጢት እየገዙ፣ አንድ ግድግዳ በዓመት እየለሰኑ ነው የጨረሱት። ጸሐፊው ከመንገድ ቆመው ያዩት ያንን የተላላጠውን ጭቃ ነው። ያ ጭቃ የቸልተኝነት ምልክት አልነበረም፤ ከውስጥ ያለው ሥራ እንዳይፈርስ የተተወ ሽፋን ነበር። ይዞታው የተረጋገጠ ሰው ከውጭም እንደሚለስን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰፈር የግል ካርታ የነበራቸው ሰዎች ቤቶች ከዓመት ዓመት ወደ ብሎኬት ሲለወጡ በዓይናችን አይተናል።

የጋራ ነገሮችም እንዲሁ ናቸው። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቷል፤ ኮሚቴ መርጦ፣ ቤት ለቤት ደረሰኝ ቆርጦ፣ መክፈል የማይችለውን አቅመ ደካማ ሌላው ሸፍኖለት። ዕድሮች ከለቅሶ አልፈው ቦይ አስጠርገዋል፣ የመንገድ መብራት አስገብተዋል፣ ድልድይ አሠርተዋል። ወጣቶች ዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የኖረ ጥግ ጠርገው፣ ያረጀ ጎማ ቀለም ቀብተው አበባ ተክለውበት መቀመጫ አድርገውታል። እነዚህን ሥራዎች ማንም በፕላን ሪፖርት ውስጥ አይቆጥራቸውም፤ ስለማይቆጠሩም በሚፈርሱበት ቀን ካሳ የላቸውም።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትን ጉዳይ በግልጽ ልናገር። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር አደገኛ ነው። ለብዙ ቤተሰብ አንድ የጉድጓድ መጸዳጃ የሰው ክብር የሚነካ ነገር ነው። በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ የተሠራ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ሥጋት ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሰው ፈጽሞ መኖር በማይገባው ቦታ ላይ እንዲኖር መተው ምን እንደሚያስከትል አይተናል፤ ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሰፈር ሁሉ እንዳለ ይቆይ ሊል አይችልም፤ እኔም አላልኩም። ነገር ግን ለአደጋ የተጋለጠውን ቤት ከአደጋ ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ ምንም አደጋ የሌለበትን ሰፈር ከነማኅበራዊ ኑሮው መንቀል ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል። ሰው በሌሊት የሚያቆመው ጨረቃ ቤት የሚበዛውም ሕጋዊው በር ስለጠበበ ነው፤ በጨረታ ቦታ መግዛት የማይችል፣ ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉበት ሰው ከጨረቃ በቀር ምስክር የሌለው ቤት ይሠራል።

ጉሊትን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፉት መንገደኛ የሚያየውን ብቻ ነው። እግረኛ ወደ አስፋልት እንዲወርድ የሚገደድባቸው ቦታዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ መገናኛን ወይም መርካቶን በሥራ መውጫ ሰዓት ያየ ሰው አይከራከርም። ሆኖም ሁሉንም ጉሊት በመገናኛ መለካት ትክክል አይደለም። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል ከምሠራበት ቦታ አጠገብ የነበረችን አንዲት የጉሊት ነጋዴ ቁጭ ብዬ ተመልክቼ ነበር፤ ቦታዋን በሜትር ለክቼም ነበር። ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም። ቦታዋ ሦስት የውስጥ መንገዶች የሚገናኙበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፣ የዝናብ ውኃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ጥግ ነው። ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ፣ ጎመኑን በእስር በእስር ትደረድራለች፤ ግማሽ ኪሎ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው አንድ መደብ ወስዶ ወጡን ይሠራል። ለሰፈሩ ሰው በዱቤ ትሰጣለች፤ ቁልፍ ትይዛለች፤ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የመጣ ሕፃን እናቱ እስክትደርስ አጠገቧ ይቀመጣል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ተማሪ ሲለቀቅ ጃንጥላዋን አጥፋ ዕቃዋን ወደ ግድግዳው ትስባለች፤ የተማሪው ጎርፍ ካለፈ በኋላ መልሳ ትዘረጋለች። ይህንን ያዘዛት ደንብ አስከባሪ አይደለም። አንድን ጠባብ ቦታ በሰዓት ከፍሎ ለሁለት አገልግሎት ማዋል በትምህርት ቤት የምንማረው የፕላን ጥበብ ነው፤ እርሷ ግን በየቀኑ ትሠራዋለች።

የከተማው አስተዳደርም ይህንን ጥበብ ሲቀበል አይተናል። የእሁድ ገበያዎች የተከፈቱት መንገድ ወይም ሜዳ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ሊሆን ይችላል በሚል ነው። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለሰው ሲሰጡም ሐሳቡ ያው ነበር። ታዲያ በዕቅድ ሲደረግ የሚመሰገነው ነገር የሰፈር ሴት በራሷ ጊዜ ስታደርገው ጥፋት የሚሆንበትን ምክንያት ጸሐፊው አላስረዱንም። ለጉሊት የሚያስፈልገው ከብዙ ነገር ጥቂቱ ነው፦ በቀለም የተከለለ ቦታ፣ ጥላ፣ የውኃ መውረጃ፣ ቅርብ መጸዳጃ፣ ዕቃዋ ሳይወረስባት እንደምታድር የሚያረጋግጥ ወረቀት።

ወደ ኮንዶሚኒየም ጉዳይ ስመጣ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራ ተጀምሮ የሰፋው የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ቧንቧና የራሱ መጸዳጃ መስጠቱን አልዘነጋም። ከሰፈር ተነሥተው ወደ ገላን ጉራ የሄዱትም ሆኑ ቦሌ አራብሳ የደረሳቸው ሰዎች በቤቱ ጥራት ደስ ሊላቸው ይችላል። ጸሐፊው ያላነሡት ግን ቤት ከገቢ ጋር የተቆራኘ መሆኑን ነው። በጎረቤት ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ የምታጥብ፣ ጠላ የምትጠምቅ ሴት የምትኖረው በደንበኞቿ ቅርበት ነው። ከካዛንቺስ ገላን ጉራ ስትደርስ ቤት አግኝታለች፤ ሥራዋ ግን ካዛንቺስ ቀርቷል፤ የሚሸከም፣ የሚጠብቅ፣ ጫማ የሚጠርግ ሰውም ሁለት ታክሲ ከፍሎ መሐል ከተማ ከመጣ ከዕለት ገቢው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዕጣ ደርሷቸው ቅድመ ክፍያውን ተበድረው ከከፈሉ በኋላ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ ርካሽ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች የሁላችንም ዘመዶች ናቸው። ነገሩ የሰዎቹ ስሕተት ሳይሆን ሒሳቡ ሌላ መንገድ ስላልተወላቸው ነው።

የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ራሳቸው ለእኔ ክርክር ምስክር ናቸው። ንድፉ ሲዘጋጅ ባለሙያዎቹ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት ያስፈልጋል ብለው መሥራታቸው የሚመሰገን ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚኖር አይተው ነበር ማለት ነው። ከሳይቱ አስተዳደር ጋር ሳይያያዝ በመቅረቱ ግን ብዙው የጋራ ቤት ለቢሮ፣ ለስብሰባ ወይም ለኪራይ ዋለ። በምድር ቤት የተሠሩት የንግድ ክፍሎች በጨረታ በመሸጣቸው ጉሊት ለነበረችው ሴት አልደረሱም፤ ስለዚህ በሳይቱ መግቢያ ላይ ጃንጥላዋን ተከለች። ጀሞ ወይም የካ አባዶ ዛሬ የሚኖርበት ቦታ የሆነው ነዋሪው የጎደለውን ስለሞላበት ነው፦ ታክሲ ተራው ሳይታሰብበት ተፈጠረ፤ በረንዳው በመስታወት ተዘግቶ ኩሽና ሆነ፤ በብሎኮች መካከል ጎመንና ሰላጣ በቀለ፤ በየብሎኩ ዕድር ተቋቁሞ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ይተከላል። ያለ ሰፈር የተሠራው ቤት ውስጥ ሰዎቹ ሰፈር ሠሩ። እንግዲህ ጸሐፊው ችግር ነው የሚሉት ነገር፣ እርሳቸው መፍትሔ ነው ባሉት ቦታ ላይ ተመልሶ የመጣው ሰው ያለ እርሱ መኖር ስለማይችል ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ነዋሪው ካርታ ማንበብ ስለማይችል ተሳትፎ ጊዜ ማባከን ነው የሚለው፣ በሙያዬ የኖርኩበት ስለሆነ ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ነባር ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን ከሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። ረቂቁን በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፍንና ነዋሪውን ጠራን። ቀለማት፣ ቁጥሮች፣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃላት የሞሉበት ካርታ ነበር። ሰው ቆሞ አየው፤ ማንም አልተናገረም። ልንበተን ስንል ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ለቅሶ ሲደርስብን ድንኳኑን የት ነው የምንተክለው?» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ካርታው ላይ ክፍት ቦታ ብለን ያቀለምነው ለመኪና ማቆሚያ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሕንፃና መንገድ ነው። ማንም መልስ አልነበረውም። በቃለ ጉባኤው ላይ ነዋሪው አስተያየት ሰጥቶ መስማማቱ ተጻፈ፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቡድናችን ሁለታችን ወደ ሰፈሩ ተመልሰን ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር በእግራችን ዞርን። አራት ጠዋት ፈጀብን። አንድ አዛውንት አዲሱን ትምህርት ቤት ያሰብንበት ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ በነሐሴ እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው ብለው ጉልበታቸውን አሳዩን። የቅየሳ ሥራችን በበጋ ስለተከናወነ ከላይ ያለው ቦይ በግንባታ መደፈኑን አላየንም ነበር። ሴቶቹ ደግሞ የትኛው መተላለፊያ በማታ እንደሚፈራ፣ ቧንቧ ሲጠፋ ሰው ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ፣ የትኛው ግድግዳ እንደተንጋደደ አሳዩን። ካርታ ማንበብ ያልቻሉት ሰዎች መሬቱን ያነቡታል፤ እኛ ግን ያነበብነው ካርታውን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተሠርቶ በውኃ ቢሞላ ኖሮ ስንት ወር ያጓትተን እንደነበር ጸሐፊው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ይህ የእኛ ሰፈር ልዩ ነገርም አይደለም። በፓኪስታን፣ በካራቺ ከተማ ኦራንጊ በተባለው ሰፊ ሕገ ወጥ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ኻን ያስጀመሩት ሥራ በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ተሰባስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ መጸዳጃቸውንና የመንገዳቸውን የፍሳሽ መስመር ራሳቸው እንዲዘረጉ፣ መንግሥት ደግሞ ዋናውን መስመር እንዲያስገባ የሥራ ክፍፍል አበጅቷል። ወጪው መንግሥት ብቻውን ቢሠራው ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ሆነ። የናይሮቢ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሙኩሩ የተባለውን የድኾች ሰፈር ልዩ የፕላን ቀጣና ብሎ ሲያውጅ፣ ከ100 ሺህ በላይ ቤተሰቦች በየአሥር ቤት ተደራጅተው ወኪል መርጠው ገቡበት፤ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ በመንገድ ስፋት ሳቢያ ብዙ ቤት እንዳይፈርስ መንገዱ ምን ያህል ቢጠብ ይበቃል የሚለው ነበር። ይህ ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው ክርክር አይደለም።

የሕግ ክፍተት አለብን ማለትም አንችልም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዲኖረው ደንግጓል። ለቀበሌ ቤት ነዋሪ ተመሳሳይ መብት በማኅበር ተደራጅቶ እንዲያገኝ ቢደረግ፣ ቦታው ላይ ቆሞ ወደ ላይ እንዲሠራ፣ ክፍያውን በእቁብ መልክ እንዲከፍል ቢፈቀድለት፣ ጸሐፊው የሚፈልጉትን ሕንፃ እኔም የምፈልገውን ሰፈር በአንድ ቦታ ማግኘት ይቻል ነበር። ጊዜ ይፈጃል ካሉኝ እስማማለሁ፤ አራት ጠዋት ግን ብዙ አይደለም።

የዚያ ሰፈር ፕላን ከብዙ ክርክር በኋላ ተስተካክሎ ቀረበ። ትምህርት ቤቱ ወደ ከፍታው ወጣ፤ ከመኪና ማቆሚያው ግማሹ ተቀንሶ ድንጋይ የሚነጠፍበት፣ ቧንቧና መብራት የሚገባለት ሜዳ ሆነ። በካርታው መፍቻ ላይ ለድንኳን መትከያ የሚሆን ምልክት ስላልነበረ አንድ አዲስ ምልክት ሠራንለት።